ስትጠባ ማን አያት? ስለ ጡት ማጥባት የጤና ባለሙያዎች የሚያውቁትና የማያውቁት

ልጄ በተወለደች በማግስቱ ካርዷን አነበብኩት። ክብደቷ፣ ሙቀቷ፣ የልብ ምቷ ተሞልቷል። ከታች በኩል በችኮላ የተጻፈች አንዲት መስመር አለች፤ «ጡት፦ በደንብ ትጠባለች»።

ካርድ እስከ ማንበብ ያደረሰኝ እንቅልፍ ማጣት ነበር። የጡቴ ጫፍ ተሰንጥቆ ይደማል። ልጅቷ 5 ደቂቃ ትጠባለች፣ ታለቅሳለች፣ ታሸልባለች፣ ደግሞ ታለቅሳለች። ያቺን መስመር የጻፈው ሰው ስትጠባ አላያትም። እሱ ብቻ አይደለም፤ ማንም አላያትም። በመጋረጃው መሃል አንገቱን ብቅ አድርጎ «ትጠባለች?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። በቃ፣ ተጻፈ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተረኛዋ ነርስ መጣች። ደግ ሰው ነበረች፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። «አይዞሽ የኔ እናት፣ ወተትሽ ገና ስላልወረደ ነው። ርቧት ነው እንዲህ የምታለቅሰው። ትንሽ ፎርሙላ እንስጣት፣ አንቺም ጋደም ትያለሽ» አለችኝ። በጡጦ 30 ሚሊ ሊትር የዱቄት ወተት አመጣች። ልጅቷ ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው። 4 ሰዓት ሙሉ ተኛች። እኔም ተኛሁ። ሁላችንም «ተገላገልን» አልን።

ያቺ ሌሊት ምን እንደተፈጠረ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ስለ ጤና መጻፍ እንጀራዬ ከሆነ ወዲህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሕፃን በአንድ ጊዜ ሲጠባ የሚያገኘው እንገር ከ2 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በሁለተኛው ቀን ከ5 እስከ 15 ይደርሳል። ጊዜውን ጠብቆ ለተወለደ ጤነኛ ሕፃን ይህ ይበቃዋል። ወተት በብዛት የሚመጣው የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ሲወርድ ነው። ይህም በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ቀን ይፈጃል። ስለዚህ በሁለተኛው ሌሊት «ወተት አልወረደም» ማለት በሽታ አገኘሁ ማለት አይደለም። ፀሐይ ገና አልወጣችም እንደማለት ነው። አዎ፣ አልወጣችም። ሌሊት ነዋ!

ማልቀሷስ? አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት ይፈልጋል። በሁለተኛው ሌሊት ደግሞ ከጡት አልላቀቅ የሚሉ ብዙ ናቸው። ጡት ትእዛዝ የሚያገኘው በዚህ ነው። ወተት በወጣ ቁጥር ይተካል፤ ጡት ውስጥ ከቆየ ደግሞ «ቀንስ» የሚል መልእክት ይሆናል። የተሰጣት 30 ሚሊ ሊትር ለዕድሜዋ ከሚበቃት ከ2 እስከ 6 እጥፍ ነበር። እሷ ጠግባ ስትተኛ ጡቴ ለ4 ሰዓት ምንም ትእዛዝ አልደረሰውም። በአራተኛው ቀን ጡቴ አግቶ ድንጋይ ሆነ። በጫፉ ዙሪያ ያለው ጠቆር ያለ ክፍል ከመወጠሩ የተነሳ ልጅቷ የምትጎርሰው ነገር አጣች። ከሁሉም በላይ ደግሞ የጡቴን ጫፍ የሰነጠቀው ነገር፣ ማለትም አጎራረሷ፣ ያን ሁሉ ቀን ማንም አልነካውም።

ያቺን ነርስ በማግስቱ የጽሑፍ ፈተና ላይ ብታስቀምጧት ኖሮ በጥሩ ውጤት ታልፍ ነበር። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ጥቅሙንማ ማን ያጣዋል

ሕፃኑ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይጀምር፤ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፤ ከዚያ ከምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ። ይህ የዓለም ጤና ድርጅትና የዩኒሴፍ ምክር ነው። የትም አገር ያለ ነርስ፣ አዋላጅ ወይም ሐኪም በቃሉ ይወጣዋል። ጥቅሙንም ይዘረዝርላችኋል። ዘ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2016 ያወጣው ትንታኔ ጡት ማጥባት በሚፈለገው ደረጃ ቢስፋፋ በዓመት 823,000 የሕፃናት ሞት መከላከል እንደሚቻል ገምቷል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሆኖም በ2023 በወጣው ዓለም አቀፍ መረጃ ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 48 በመቶ ነበሩ። ግማሽ እንኳ አልሞላም። ጥቅሙን ሁሉም እያወቀ ማለት ነው።

እውቀቱ የት ጋ እንደሚሳሳ ቀድሞ ያሳየ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። በ1995 በአሜሪካ የታተመ ነው። የሕፃናት ሐኪሞችን፣ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞችንና የቤተሰብ ሐኪሞችን ጠየቀ። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት «ሐኪም ጡት ማጥባትን ማበረታታት አለበት» አሉ። ቀጥሎ ወደ ሥራው የሚጠጋ ጥያቄ መጣ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተጨማሪ ወተት መስጠት ጡት ማጥባቱን ሊያሰናክል እንደሚችል ያወቁት በሥራ ላይ ካሉት ከ64 በመቶ በታች፣ ገና በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ካሉት ደግሞ 52 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «በዚህ ጉዳይ በቂ ሥልጠና አላገኘንም» ብለው በራሳቸው አንደበት መሰከሩ።

እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላው ነጥብ ነው። አንድ ሐኪም እናቶችን በልበ ሙሉነት መርዳት መቻሉን በደንብ ከሚጠቁሙት ነገሮች አንዱ እሱ ራሱ ወይም የትዳር ጓደኛው ልጅ ጡት አጥብተው ማወቃቸው ሆኖ ተገኘ። እስቲ ይህን ወደ ሌላ ሙያ ውሰዱት። አጥንት የሚጠግን ሐኪም ችሎታው እግሩ ተሰብሮ ያውቅ እንደሆነ ቢለካ ምን ትላላችሁ? የቤት ልምድ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ችግሩ፣ የአንድ ቤት ልምድ የአንድ ቤት ነው። ያለ ምንም ችግር ያጠባች ነርስ «እኔ ጋ እንዲህ አልሆነም» ትላለች። ተቸግራ የተወች ደግሞ «አትሰቃዪ፣ የኔም ልጅ በጡጦ ነው ያደገው» ትላለች። ሁለቱም ከልባቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ በየአገሩ እጅግ ብዙ መጠይቅ ተበትኗል። አብዛኞቹ መጠይቆች ጉድለት አላቸው ብዬ አምናለሁ። «የእናት ጡት ወተት ከሌላው ይበልጣል፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» ብሎ መጠየቅ የመንጃ ፈቃድ ፈተናን በወረቀት ብቻ እንደመጨረስ ነው። ቀይ መብራት ሲበራ ይቆማል ብሎ ያከበበ ሁሉ ዳገት ላይ መኪና አያስነሳም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ይህ ሕፃን ሲጠባ ተመልከት፤ ወተት እየደረሰው ነው? በምን አወቅህ? እናትየዋን ምን ትላታለህ?

ዓይን የሚፈልገው እውቀት

ምን መታየት እንዳለበት ልንገራችሁ፤ ምስጢር አይደለም።

በደንብ የጎረሰ ሕፃን አፉን እንደሚያዛጋ ሰው በሰፊው ከፍቷል። አገጩ ጡቱን ነክቷል። የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል። ጠቆር ካለው የጡት ክፍል ከላይኛው ከንፈሩ በላይ የሚታየው ከታች ከሚታየው ይበዛል። ጉንጮቹ ሞላ ያሉ ናቸው፤ ወደ ውስጥ አይሰረጉዱም። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይስባል። ወተቱ ሲለቀቅ ፍጥነቱ ይቀየርና ረጋ ብሎ ሳብ፣ ዋጥ፣ ትንፋሽ ይሆናል። ጆሮ የሰጠ ሰው ሲውጥ ይሰማዋል። እናትየዋ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ብትሰማውም ሕመሙ አይዘልቅም። ሕፃኑ ሲለቅ የጡቷ ጫፍ ክብ እንደሆነ ይወጣል። አዲስ የተገዛ ሊፕስቲክ ይመስል በአንድ በኩል ተዳፍጦ ከወጣ ግን ሕፃኑ ጫፉን ብቻ ነው ይዞ የቆየው።

የኔ ልክ ያቺ ሊፕስቲክ ነበር። የሚያይ ቢኖር በ2 ሰከንድ ይታያል።

ሌላም አለ። ብዙ ባለሙያ የሚረዳ መስሎት የሕፃኑን ጭንቅላት ከኋላ ይዞ ወደ ጡት ይገፋል። ሕፃን ጭንቅላቱ ሲገፋ ደግሞ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ከዚያ «ጡት እምቢ አለ» ይባላል። መያዝ ያለበት ጀርባውና ትከሻው ነው። ጭንቅላቱ ትንሽ ቀና እንዲል ነፃነት ያስፈልገዋል፤ ሰውም አንገቱን ደፍቶ ውሃ አይጠጣም። ለእናት ደግሞ ጡቷን ሳያስፈቅዱ እፍስ አድርጎ ይዞ ልጁ አፍ ውስጥ መክተት የሚያሳፍርና የሚያስቀይም ነገር ነው። ቤቷ ስትገባ ብቻዋን ልትደግመውም አትችልም። ጥሩ ባለሙያ እጁን ኪሱ ከትቶ በቃል ብቻ ያስተካክላል። እንዲህ ያለ ሰው አይቻለሁ፤ ሲሠራ ሲያዩት ቀላል ይመስላል።

ይህን የሚያስተምር ክፍል ግን የለም ማለት ይቻላል። ጡት በሕክምና ትምህርት ባለቤት የሌለው አካል ነው። የማህፀንና ጽንስ ሐኪሙ ከወለደች በኋላ ለሕፃናት ሐኪሙ ያስተላልፋል። የሕፃናት ሐኪሙ ታካሚው ሕፃኑ ነው፤ እናትየዋን አይመረምርም። ቀዶ ሐኪሙ ጡትን የሚያውቀው በዕጢና በመግል ነው። ልብ የልብ ሐኪም አለው፤ ኩላሊትም አለው። ወተት የሚሠራ ጡት ግን ሁሉም «የእገሌ ነው» የሚለው ሆኖ ቀርቷል። ተማሪው የሚያገኘው ስለ ሆርሞኖቹና ስለ ጥቅሙ ጥቂት ትምህርት ነው። ቀሪው ለነርሷ ይተዋል። ነርሷ ደግሞ ከቀደመችው ነርስ ትሰማለች።

መሣሪያው ራሱ ሲሳሳት

ባለሙያውን ብቻ መውቀስም ልክ አይደለም። አንዳንዴ ያሳሳተው የተሰጠው መሣሪያ ነው።

የእድገት ቻርት ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ይሠራበት የነበረው ቻርት መሠረቱ በአብዛኛው በዱቄት ወተት ያደጉ የአሜሪካ ሕፃናት ነበሩ። ጡት የሚጠባ ሕፃን መጀመሪያ ላይ ፈጠን ብሎ ይጨምራል። ከ3ኛው፣ ከ4ኛው ወር ገደማ ጀምሮ ረጋ ይላል። በዚያ ቻርት ላይ ይህ ጤነኛ ሕፃን መስመሩ ዝቅ እያለ የሚሄድ ይመስላል። ነርሷ በቅንነት «ክብደቱ አልጨመረም፣ ወተትሽ አልበቃውም፣ ተጨማሪ ጀምሪ» ትላለች። ቻርቱን በትክክል ነው ያነበበችው። የተሳሳተው ቻርቱ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ከብራዚል፣ ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ 8,500 ገደማ ሕፃናትን አጥንቶ፣ ጡት የሚጠባውን መለኪያ ያደረገ አዲስ ቻርት ያወጣው በ2006 ነው። እስከዚያ ስንት እናት «አልበቃውም» ተብላ እንደተወች አስቡት።

ምክሩም ራሱ ይቀየራል። ጡት ብቻ የሚሰጥበት ጊዜ «ከ4 እስከ 6 ወር» ነበር፤ «6 ወር» የሆነው በ2001 ነው። በ1980ዎቹ ተምሮ ያንኑ የያዘ ባለሙያ 4 ወር ሲሞላ ምግብ አስጀምሩ ቢል አልዋሸም፤ አርጅቷል እንጂ። ጡት ሲቆጣ፣ ማለትም ቀልቶ ሲያብጥና ሲያተኩስ፣ ለዓመታት የተሰጠው ምክር «ሙቅ ያዢበት፣ በኃይል እሺው፣ ባዶ እስኪሆን እለቢው» ነበር። የጡት ማጥባት ሕክምና አካዳሚ የተባለው ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ማኅበር በ2022 መመሪያውን ለወጠ። አሁን ቀዝቃዛ ነገር፣ እብጠት የሚቀንስ ማስታገሻ፣ በኃይል አለማሸት፣ ከሚጠባው በላይ አለማለብ ይላል። በኃይል ማሸት ያበጠውን ሥጋ የበለጠ ይጎዳል፤ ከመጠን በላይ ማለብ ደግሞ «ጨምር» የሚል ትእዛዝ ነው። ማጥባቱ ግን ያኔም አሁንም አይቋረጥም። ይሁንና «ጡቱ እስኪድን አታጥቢ» የምትባል እናት ዛሬም አለች።

«ይህን መድኃኒት እየወሰድሽ አታጥቢ»

እናቶች ሳይፈልጉ ማጥባት ከሚተዉባቸው መንገዶች አንዱ የመድኃኒት ማዘዣ ነው። እዚህ ላይ እውቀት ብቻ ሳይሆን ፍርሃትም አለ።

አንዲት የምታመነታ ሐኪም አስቡ፤ ጥሩ ሐኪም ናት፣ አጥቢ እናት አንቲባዮቲክ ያስፈልጋታል። በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ «ለሚያጠቡ እናቶች አይመከርም» ይላል። ይህን የጻፈው አምራቹ ራሱን ከክስ ለመጠበቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከኋላው ጉዳት የሚያሳይ መረጃ የለም። ሐኪሟ ማጣራት ትችላለች። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ላክትሜድ የተባለ በነፃ የሚገኝ የመረጃ ቋት አለው። የእያንዳንዱ መድኃኒት ምን ያህሉ ወደ ወተት እንደሚያልፍ ይነግራል። ግን ሰልፉ ረጅም ነው። «ለጊዜው አቁሚ» ማለት ይቀላል። ሕፃኑ ቢታመም ማንም «ጡት አስቁመሽ ነው» ብሎ አይከሳትም፤ «መድኃኒት ሰጥተሽ ነው» ሊላት ግን ይችላል።

እውነታው፣ በተለምዶ የሚታዘዙት አብዛኞቹ መድኃኒቶች ከማጥባት ጋር ይሄዳሉ። ሰመመን ወስዳ የነቃች እናት ልጇን ለመያዝ ከበረታች ማጥባት ትችላለች። ለሲቲ ስካን ወይም ለኤምአርአይ በደም ሥር የሚሰጠው ንጥረ ነገር ከተሰጣት በኋላም ወተቷን አልባ መድፋት አያስፈልጋትም። የሚያስቆሙ አሉ፤ አብዛኞቹ የካንሰር መድኃኒቶችና ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን ለምሳሌ። ዝርዝሩ ግን ሰው እንደሚያስበው ረጅም አይደለም።

የሚያስቀው ደግሞ ጥንቃቄው የተቀመጠበት ቦታ ነው። አፍንጫ ሲታፈን የሚወሰደው ሱዶኤፌድሪን ወተት ይቀንሳል። ኤስትሮጅን ያለው የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልም ወተቱ ሳይጸና ከተጀመረ እንዲሁ። እነዚህን ማንም ሳያስጠነቅቅ ይሰጣል። ከወር በኋላ እናትየዋ «ወተቴ ደረቀ» ብላ ትመጣለች።

ኤችአይቪም እዚህ ይነሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 መመሪያው መድኃኒቷን በአግባቡ የምትወስድና ክትትል ያላት እናት ቢያንስ 12 ወር እንድታጠባ፣ እስከ 24 ወርና ከዚያ በላይም መቀጠል እንደምትችል ይላል። «በፍጹም» ስትል የኖረችው አሜሪካ እንኳ በ2023 መመሪያዋን አለዝባ ከእናትየዋ ጋር ተመካክሮ መወሰንን ተቀብላለች። በድሮው መመሪያ የሠለጠነና ከዚያ ወዲህ ያልታደሰ ባለሙያ ግን አሁንም በድሮው ይመክራል።

ክፍተቱን የሚሞላው ሌላ መምህር

ትምህርት ቤት ያላስተማረውን ሌላ ሰው ያስተምራል። የዱቄት ወተት ኩባንያዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ።

የዓለም ጤና ጉባኤ በ1981 የእናት ጡት ወተት ተተኪ ምርቶች ግብይት ዓለም አቀፍ ደንብን ሲያጸድቅ 118 አገሮች ደግፈውታል። የተቃወመችው አሜሪካ ብቻ ነበረች። ደንቡ በጤና ተቋም ውስጥ እነዚህን ምርቶች ማስተዋወቅን፣ ለእናቶች ነፃ ናሙና መስጠትን ይከለክላል። ለባለሙያው የሚሰጠው መረጃም ሳይንሳዊና እውነተኛ ብቻ እንዲሆን ያዛል። ደንቡ አለ፤ አፈጻጸሙ ግን እንደየአገሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 ላወጡት ጥናት በ8 አገሮች 8,500 ወላጆችንና ነፍሰ ጡሮችን፣ እንዲሁም 300 የጤና ባለሙያዎችን ጠይቀው ነበር። ከሴቶቹ ከሢሶ በላይ የሚሆኑት አንድ የጤና ባለሙያ በስም ጠርቶ የፎርሙላ ምርት እንደመከራቸው ተናግረዋል።

እነዚህ ባለሙያዎች ሁሉ ጉቦ በሉ ማለት አይደለም። ነገሩ ከዚያ ይረቃል። ስፖንሰር የተደረገ ስብሰባ ይኖራል። ቆንጆ ብሮሹር ይመጣል፤ ብዕሩና ካላንደሩ ይከተላል። ስለ ሕፃን ማልቀስ፣ ስለ ትውከት፣ ስለ ሆድ ቁርጠት ገለጻ ይደረጋል። ሁሉም መጨረሻው አንድ ጣሳ ላይ ነው፤ «ለሚያስታውክ ይህ፣ ለሚያለቅስ ያ»። አብዛኛው የሕፃን ለቅሶ ግን የሕፃን ለቅሶ ነው። የባለሙያው ጭንቅላት ውስጥ ባዶ ቦታ ሲኖር ቀድሞ የደረሰው ይይዘዋል። በዓመት 55 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚንቀሳቀስበት ኢንዱስትሪ ለመድረስ አይዘገይም።

ሥልጠና ይሠራል?

ይሠራል። ከሁሉ የሚጠቀሰው ማስረጃ ከቤላሩስ ነው። በ1996 እና በ1997 በ31 የማዋለጃ ተቋማት የወለዱ 17,046 እናቶች ከነልጆቻቸው ተጠኑ። ተቋማቱ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። የአንደኛው ወገን ሠራተኞች በ«ለሕፃናት ምቹ ሆስፒታል» መርሃ ግብር መሠረት ሠለጠኑ፣ አሠራራቸውንም ቀየሩ። ሌሎቹ እንደነበሩ ቀጠሉ። ልብ በሉ፤ በሁለቱም ወገን ያሉት እናቶች ማጥባት የጀመሩ ናቸው። የፍላጎት ልዩነት የለም። በ3ኛው ወር ጡት ብቻ የሚያጠቡት በሠለጠኑት ዘንድ 43.3 በመቶ፣ ባልሠለጠኑት ዘንድ 6.4 በመቶ ሆኑ። በመጀመሪያው ዓመት የሆድና የአንጀት ኢንፌክሽን የያዛቸው ሕፃናት 9.1 በመቶ ከ13.2 በመቶ ነበር።

6.4 እና 43.3። እናቶቹ ያው ናቸው። የተለየው አጠገባቸው የቆመው ሰው ነው።

ይህ መርሃ ግብር በ1991 የተጀመረ ሲሆን በ10 እርምጃዎች ላይ የቆመ ነው። ሁለተኛው እርምጃ ስለ ሠራተኛው ነው። ድሮ «ሠራተኞች ሁሉ ይሠልጥኑ» ይል ነበር፤ ሰዓቱ ይቆጠራል፣ ሰርተፍኬት ይሰጣል። በ2018 ሲታደስ አነጋገሩ ተቀየረ። ሠራተኛው በቂ እውቀት፣ ብቃትና ክህሎት እንዳለው ይረጋገጥ አለ። ቁም ነገሩ ከተቀመጠበት ወንበር ወደ ሚሠራው እጅ ተሻገረ ማለት ነው። እናት ስታጠባ አብሮ አይቶ፣ ሰምቶ፣ መክሮ እንደሆነ የሚታይበት። ከሰርተፍኬት ቆጠራ ይህ በእጅጉ ይሻላል። ይከብዳልም።

የሚከብደው በአንድ ተራ ምክንያት ነው፤ ጊዜ። አንድ ሕፃን ጠብቶ እስኪጨርስ ማየት 20 ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ሌሊት አንድ ነርስ ስንት አልጋ ነው የያዘችው? ፎርሙላ ማምጣት 3 ደቂቃ ነው። ስለዚህ «ነርሷ አላወቀችም» ሲባል እጠራጠራለሁ። አውቃም ቢሆን እጇ ላይ ያለው የ3 ደቂቃው መፍትሔ ነበር። ለዚህ ጥያቄ የሥልጠና አዳራሽ መልስ የለውም። መልሱ ያለው የሰው ኃይል ከሚመድበው ዘንድ ነው።

ሌላው የሚያደክመው የምክሩ መለያየት ነው። እኔ በአንድ ቀን 3 ፈረቃ አየሁ። የጠዋቷ «ከእያንዳንዱ ጡት 10 ደቂቃ፣ ሰዓት ያዢ» አለችኝ። የከሰዓቱ «አንዱን እስክትጨርስ አትቀይሪ» አለኝ። የማታዋ የፕላስቲክ መከለያ አምጥታ ጡቴ ጫፍ ላይ ለጠፈችልኝ። ሦስቱም እርግጠኞች ነበሩ። ካጋጠመኝ ሁሉ የከፋው እርስ በርሱ የማይተዋወቅ እርግጠኝነት ነው።

እውቀቱ ሁለት አፍ አለው

አንድ ነገር ሳልል ብዘል ጽሑፉ ይጎድላል። «ፎርሙላ በፍጹም» የሚል ባለሙያም አያውቅም። መፈክር ይዟል እንጂ።

በቂ ወተት የማይኖራቸው እናቶች አሉ። ጡቷን ቀዶ ሕክምና የተደረገች፣ ስትወልድ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ የቀረባት፣ የታይሮይድ ችግር ያለባት፣ ወተት የሚሠራው የጡት ክፍል በተፈጥሮ ያነሳት። እነዚህን «አይዞሽ፣ ይመጣል፣ ዝም ብለሽ አጥቢ» ብሎ ወደ ቤት መላክ ሕፃን ይጎዳል። የሰውነቱ ውሃ አልቆ ሶዲየሙ፣ ማለትም የደሙ ጨው፣ ከፍ ያለ ሕፃን ብዙ ጊዜ አያለቅስም። ይተኛል። «ጨዋ ልጅ» ይባላል። አስፈሪው ይህ ነው።

ስለዚህ ማየት የሚችል ባለሙያ ለሁለቱም ወገን ያስፈልጋል። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት መቀነሱ ያለ ነው። ከ10 በመቶ ሲያልፍ ግን ዝም አይባልም። ከ5ኛው ቀን በኋላ በቀን ቢያንስ 6 ጊዜ ሽንት ማርጠብ አለበት። ጥቁሩ ዓይነ ምድር ወደ ቢጫ መቀየር አለበት። እነዚህ ካልሆኑ መጀመሪያ የሚታየው አጎራረሱ ነው። ታልቦ የሚሰጥ የጡት ወተት ይቀጥላል። ካልበቃ ፎርሙላ፣ በመጠኑ፣ እንደ መድኃኒት። ጡቱም ሥራ እንዳይፈታ እየታለበ። በተወሰነ ምክንያት የተሰጠ 10 ሚሊ ሊትርና ለቅሶ ለማስቆም የተሰጠ 30 ሚሊ ሊትር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ከአንድ ጣሳ ቢቀዱም።

እኔን ያዳነችኝ በ6ኛው ቀን ያገኘኋት አዋላጅ ናት። ዕድሜዋ ከእኔ ያንሳል። መጀመሪያ ምንም አልተናገረችም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና «እስቲ እንደ ወትሮሽ አጥቢያት» አለችኝ። ዝም ብላ አየች። ከዚያ በጣቶቿ ጠቆር ያለውን የጡቴን ክፍል ዙሪያውን ቀስ እያደረገች መጫን አሳየችኝ፤ እብጠቱ ወደ ኋላ ሸሸና ጫፉ ለሰለሰ። «አሁን አፍንጫዋን ከጡትሽ ጫፍ ጋር አስተካክያት። አፏን እስክትከፍት ጠብቂ። አልከፈተችም። ጠብቂ። አሁን!» አለች።

ልጅቷ ጎረሰች። ጥርሴን ነክሼ ሕመሙን ጠበቅኩት። ጥቂት ሰከንድ ቆጠቆጠኝና ተወኝ። ትንሽ ቆይቶ የመዋጥ ድምፅ መጣ። አዋላጇ ጣቷን አነሳችና «ሰማሽ?» አለችኝ። 25 ደቂቃ አብራኝ ተቀመጠች። ስትነሳ ካርዱ ላይ የጻፈችውን አየሁት። «ግራ ጡት፣ 18 ደቂቃ፣ ስትውጥ ይሰማል። የጡቱ ጫፍ ሲወጣ ክብ ነው። ነገ በድጋሚ ይታይ።»